ማማ የሌለው ሜዳ፣ ሁለት ማኮብኮቢያ፣ አንድ ነፋስ

ኅዳር 10 ቀን 1989 ዓ.ም፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 19 ቀን 1996። ማክሰኞ ነበር። ቦታው አሜሪካ፣ ኢሊኖይ ግዛት፣ የኩዊንሲ ከተማ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። በእኛ አቆጣጠር 11 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ላይ፣ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ ሁለት አውሮፕላኖች ማኮብኮቢያዎቹ በሚቋረጡበት ቦታ ተጋጩ። በሁለቱ ውስጥ የነበሩት 14 ሰዎች በሙሉ ሞቱ።

ማረፊያው የመቆጣጠሪያ ማማ አልነበረውም። ይሄ ብቻውን ጉድ የሚያሰኝ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ማማ ያላቸው ማረፊያዎች ከ500 ብዙም አይበልጡም፤ የሌላቸው ግን በሺዎች ይቆጠራሉ። እዚያ «ማረፍ ትችላለህ» ወይም «ቆይ» የሚል ሰው የለም። ፓይለቱ ራሱ ያያል፣ ራሱ ይወስናል፣ ያሰበውን በጋራ ፍሪኩዌንሲ ለሌሎቹ ይናገራል። ከመሬት የሚያናግረው ምልክት ብቻ ነው። የነፋስ ከረጢት፣ የተቀባ ቁጥር፣ በክብ የተደረደረ ነጭ ሰሌዳ።

እዚህ አዳማ አቪዬሽን ከሚወዱ ወጣቶች ጋር እየተገናኘን አንድ አንድ አደጋ ጠረጴዛ ላይ እንዘረጋለን። ገሚሶቹ የፓይለት ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና የሚጠብቁ ናቸው። ገሚሶቹ ሲሙሌተር ላይ ተጥደው የሚያድሩ ናቸው። ኩዊንሲን ስናነሳ የሁሉም የመጀመሪያ ፍርድ አንድ ነው፦ «ሬዲዮው ነው የጨረሳቸው»። ልክ ናቸው፣ ግማሹን። ሌላው ግማሽ ያለው መሬት ላይ ነው፤ እሱን ለማየት ደግሞ ነገሩን ከመጀመሪያው መያዝ ያስፈልጋል።

የዚያን ቀን በጉዳዩ ውስጥ የነበሩት ሦስት አውሮፕላኖች ናቸው።

አንደኛው ባለ 19 መቀመጫ ቢችክራፍት 1900ሲ ነው። የዩናይትድ ኤክስፕረስ በረራ 5925። ከቺካጎ ተነስቶ አዮዋ ግዛት በርሊንግተን ላይ አርፎ ወደ ኩዊንሲ እየመጣ ነበር። 10 መንገደኞችና 2 ፓይለቶች ይዟል። ሁለተኛው ኪንግ ኤር ኤ90 ነው፤ ሁለት ሰው ተሳፍሮበታል፤ ሊነሳ ነው። ሦስተኛው ባለ አንድ ሞተር ፓይፐር ቸሮኪ ነው። እሱም ሊነሳ ከኪንግ ኤሩ ኋላ ተራ ይዞ ቆሟል።

5925 ገና ከሩቅ ራሱን አስተዋወቀ። በማኮብኮቢያ 13 እንደሚያርፍ ተናገረ። እየቀረበም ደጋገመው። ኪንግ ኤሩ ወደ ማኮብኮቢያ 04 እየሄደ መሆኑን ተናግሮ ነበር። ቸሮኪውም እንደዚሁ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ደንቡን ጠብቋል።

5925 ሊያርፍ ሲቃረብ ካፒቴኗ 04 መነሻ ላይ የቆመውን አውሮፕላን አየች። በሬዲዮ ጠየቀች፦ እዚያው ትቆያላችሁ ወይስ ልትነሱ ነው? መልስ መጣ። መልሱን የሰጠው ግን ኪንግ ኤሩ አልነበረም። ከኋላ የቆመው ቸሮኪ ነበር። የራሱን መለያ ጠርቶ፣ በ04 ለመነሳት እየጠበቀ መሆኑን ተናገረ፤ ኪንግ ኤር የሚለውንም ስም አነሳ። በዚያችው ቅጽበት 1900ው ውስጥ የመሬት ቅርበት ማስጠንቀቂያው ከፍታውን ጮኾ ጠራ። ድምፅ በድምፅ ላይ ተደራረበ። 1900ው ውስጥ የነበሩት ኪንግ ኤሩ «እንጠብቃለን» ያላቸው መሰላቸው። አመሰገኑትና አረፉ።

ኪንግ ኤሩ ምንም አላለም። አልመለሰም፣ አሁን መነሳት መጀመሩንም አልተናገረም። ሩጫውን ጀመረ።

የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ የሰጠው ውሳኔ ግልጽ ነው። ዋናው ምክንያት የኪንግ ኤሩ ፓይለቶች የጋራ ፍሪኩዌንሲውን በቅጡ አለመከታተላቸው፣ ወይም ዙሪያቸውን በዓይን በቅጡ አለመቃኘታቸው ነው። የተቆራረጠውን የቸሮኪ መልስ ደግሞ አስተዋጽኦ ካደረጉት ነገሮች መደበው።

አሁን ወደ ጠረጴዛው። አንድ ነጭ ወረቀት እንዘረጋለን፤ ሁለት መስመር እናሰምራለን።

የማኮብኮቢያ ቁጥር ያለ ምክንያት አይቀባም። በኮምፓስ የሚያሳየው አቅጣጫ በአስር ተካፍሎ ነው። 13 ማለት ወደ 130 ዲግሪ ገደማ፣ ማለትም ወደ ደቡብ ምሥራቅ እያየህ ታርፋለህ። 04 ማለት ወደ 40 ዲግሪ፣ ወደ ሰሜን ምሥራቅ። ልዩነታቸው 90 ነው። ሁለቱ መስመሮች ወረቀቱ ላይ መስቀል ሠርተው ይቋረጣሉ።

አውሮፕላን የሚያርፈውም የሚነሳውም ነፋስን ፊት ለፊት ገጥሞ ነው። እንግዲህ ነፋሱ ከ85 ዲግሪ ቢመጣ የትኛውን ትመርጣለህ? ከ40 በ45 ይርቃል። ከ130ም በ45 ይርቃል። ነፋሱ 10 ኖት (በሰዓት 18.5 ኪሎ ሜትር ገደማ) ቢሆን በሁለቱም ላይ ፊት ለፊት 7 ኖት፣ ከጎን 7 ኖት ያህል ታገኛለህ። ከሰሜን ለሚመጣ 13 ብዙ መዞር የለውም። መሬት ላይ ለቆመ ሰው ደግሞ 04 ሊቀርበው ይችላል።

ከልጆቹ አንዷ፣ ነገር ቶሎ የሚገባት ናት፣ «ጋሼ፣ ታዲያ ከረጢቱ ትክክል የሚለው ማንን ነው?» ብላ ጠየቀች።

«ሁለቱንም» አልኳት።

«እንዴ! ታዲያ ምን ዋጋ አለው?»

ጥያቄዋ ላይ ትንሽ ልቆይ። የነፋስ ምልክት ስለ ነፋስ ይናገራል። ስለ ሰው አይናገርም። ነፋሱ ለአንድ ማኮብኮቢያ በግልጽ ሲያደላ ሁሉም ሳይነጋገር ወደዚያው ይመጣል፤ ምልክቱ ሳይታወቅ ሰውንም ያሰልፋል። ነፋሱ መሃል ሲገባ ግን ይሄ ሥርዓት ይፈርሳል። እኔም ትክክል፣ አንተም ትክክል፣ መገናኛችን መሃል ላይ። ስለዚህ ምልክቱን የሚያነብ ሰው «የት ልረፍ?» ብቻ ብሎ ማቆም የለበትም። «ይህንኑ ምልክት ያየ ሌላ ሰው ወዴት ይሄዳል?» ብሎም መጠየቅ አለበት።

ከረጢቱን ቀረብ ብለን እንየው። ፓይለቶች ዊንድሶክ የሚሉት ነው። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መስፈርት እንደሚለው ርዝመቱ ቢያንስ 3.6 ሜትር፣ ሰፊው አፉ ቢያንስ 0.9 ሜትር ነው። ቢያንስ ከ300 ሜትር ከፍታ ላይ ሆኖ መለየት አለበት። ሁለት ቀለም ሲሆን፣ ለምሳሌ ብርቱካናማና ነጭ፣ አምስት ቀለበት ሆኖ ይፈራረቃል፤ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ጠቆር ያለው ነው። ከላይ ሲታይ እንዲለይ ቢያንስ አንዱ ከረጢት ያለበት ቦታ 15 ሜትር ስፋት ባለው፣ ጠርዙ 1.2 ሜትር በሆነ ክብ ይከበባል። ማታ ለሚሠራ ሜዳ ደግሞ ቢያንስ አንዱ መብራት ሊኖረው ይገባል።

አነባበቡ ቀላል ነው። ነፋስ በሰፊው አፉ ይገባል፣ በጭራው ይወጣል። አንተ የምታርፈው ከጭራው ወደ አፉ እየሄድክ ነው። በቃ። ልጆቹ «ከጭራ ወደ አፍ» እያሉ በቃል ይዘውታል።

ቀላል ያልሆነው ጉልበቱን ማንበብ ነው። በአሜሪካ መስፈርት ከረጢቱ ሙሉ በሙሉ የሚወጠረው በ15 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግማሹ ከተንጠለጠለ ነፋሱ ከዚያ በታች ነው። ቀጥ ብሎ ከቆመ ግን 15 ይሁን 35 ከረጢቱ አይነግርህም። ከዚያ በላይ የሚወጠርበት የለውም። ከነፋሱ ኃይል ይልቅ የሚያሰጋው ደግሞ መወዛወዙ ነው። ጭራው ወዲያ ወዲህ እያለ ከወደቀና ከተነሳ፣ አቅጣጫም ጉልበትም እየተቀያየረ ነው ማለት ነው። አንዴ አይቶ የሚያልፍ ሰው ይሄ ያመልጠዋል። ከረጢት ትንሽ ቆም ተብሎ ነው የሚታየው።

አዳማ ለዚህ ልምምድ የተመቸች ከተማ ናት። ነፋሱን ለማየት አየር ማረፊያ አያስፈልግም፤ ቀና ማለት በቂ ነው። ኮረብታዎቹ ላይ የአዳማ 1 የነፋስ ኃይል ማመንጫ 34 ተርባይኖች፣ የአዳማ 2 ደግሞ 102 ቆመዋል። የሚሠራ ተርባይን ክንፉን ይዞ ነፋሱን ይገጥማል፤ ጀርባው ነፋሱ ወደሚሄድበት ነው። በበጋ ብዙውን ጊዜ ፊታቸውን ወደ ሰሜን ምሥራቅ መልሰው ታገኟቸዋላችሁ። ልጆቹን «ማኮብኮቢያ 04 እና ማኮብኮቢያ 13 እዚህ ቢኖሩ በየትኛው ታርፋላችሁ?» እላቸዋለሁ። በእንዲህ ያለ ቀን መልሱ ወዲያው ይመጣል፤ 04።

አንድ ቀን ታዲያ አንደኛው ልጅ ፍጹም የተለየ አቅጣጫ ነገረን። ተከራከረ፣ በእጁ አሳየ። ወዴት እንደሚያይ ተከትለን ስናይ ለካ አንድ የቆመ ተርባይን ላይ ነው ዓይኑን የተከለው። የቆመው ለምን እንደሆነ አናውቅም። ክንፉ አይዞርም፣ ፊቱም ከጎረቤቶቹ ወደ ሌላ ዞሯል። ሌሎቹ ሳቁበት። እኔ ግን ደስ አለኝ፤ ምክንያቱም የምፈልገው ነጥብ ላይ ራሱ ወስዶ አደረሰን።

የመሬት ምልክቶች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። ከረጢቱ ሕያው ነው፤ አሁን ያለውን ነፋስ ይናገራል። ነጩ ቲ፣ ማለትም በእንግሊዝኛው T ፊደል ቅርጽ የተሠራው የማረፊያ አቅጣጫ አመልካች፣ ግን አንዳንዱ ሜዳ ላይ በሰው እጅ የሚዞር ነው። ጠዋት ያዞረው ሰው ከሰዓት በኋላ ምሳ ላይ ሊሆን ይችላል። ነፋሱ ግን ተገልብጦ ይሆናል። አነባበቡ ከቲው እግር ወደ አናቱ፣ ወደ አግዳሚው እየሄድክ ማረፍ ነው። ቲውና ከረጢቱ ሲስማሙ ጥሩ። ካልተስማሙ ነፋሱን የሚነግርህ ከረጢቱ ነው፤ ቲውን ማን መቼ እንዳዞረው መጠየቅ ደግሞ ያንተ ፋንታ ነው። ሦስተኛው ዓይነት የተቀባው ነው። ቁጥሩ፣ ቀስቱ፣ ኤክሱ። እሱ ነፋስ አያውቅም፣ ሰዓትም አያውቅም።

አንድ ምልክት ግን ሁሉንም ያሳስታቸዋል። ቴትራሄድሮን የሚባለው ነው። ባለ ሦስት ማዕዘን፣ አንድ ጫፉ የሾለ ትልቅ ቅርጽ፤ የአሜሪካ ሜዳዎች ላይ ይገኛል። ወረቀት አጥፌ ሠርቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። «በየት በኩል ታርፋላችሁ?» ሁሉም ከሹሉ ወደ ሰፊው አሉ። ከረጢቱን ነው ያሰቡት። የከረጢቱ ቀጭን ጫፍ ነፋሱ የሚሄድበትን ያሳያል። የቴትራሄድሮኑ ሹል ጫፍ ግን ነፋሱ የሚመጣበትን፣ ማለትም የማረፊያውን አቅጣጫ ነው የሚያሳየው። ተቃራኒ ናቸው። አንዱን ለሌላው ያነበበ ሰው ነፋስን ከጀርባው ይዞ ያርፋል፤ ማኮብኮቢያውም ያልቅበታል። እንደ አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ባለፈ ከፍታ ላይ ደግሞ ሳሳ ያለው አየር ብቻውን የማረፊያ ሩጫን ያስረዝማል። በላዩ ላይ የጀርባ ነፋስ መጨመር ቀልድ አይደለም። የአሜሪካ የፓይለቶች መመሪያም ቢሆን ነፋስ ሲቀዘቅዝ ቴትራሄድሮንን አምኖ ማኮብኮቢያ መምረጥ ጥንቃቄ እንደሚፈልግ ያስጠነቅቃል። ጭር ባለ አየር ዝም ብሎ በቆመበት ሊቀር ይችላላ።

ከረጢቱን የሚከብበው የተቆራረጠ ክብም የራሱ ቋንቋ አለው። ማማ በሌለው የአሜሪካ ሜዳ ከማረፍ በፊት በሜዳው ዙሪያ ዙር የሚደረገው ወደ ግራ እየታጠፉ ነው። አንዱ ማኮብኮቢያ ከዚህ የተለየ ከሆነ ከክቡ ውጭ የኤል ቅርጽ ይቀመጣል። አንዱ ክንድ ማኮብኮቢያውን ይወክላል፤ ሌላው ደግሞ አውሮፕላኑ ከየት በኩል መጥቶ እንደሚታጠፍ ያሳያል። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ኮረብታ ወይም ሰፈር ነው። ይህን ሳያይ በልማዱ ወደ ግራ የሚዞር ሰው ከሌሎቹ ጋር አፍንጫ ለአፍንጫ ይገጥማል።

በዓለም አቀፉ ድርጅት ሥርዓት ደግሞ የምልክት አደባባይ የሚባል አለ። ቀይ ካሬ ላይ ቢጫ ኤክስ ካየህ ማረፍ ክልክል ነው። ቀይ ካሬ ላይ አንድ ቢጫ ሰያፍ መስመር ከሆነ ሜዳው ችግር አለበት፣ ተጠንቅቀህ ውረድ ነው። ጂም ውስጥ የምናውቀው የዳምቤል ቅርጽ በነጭ ተቀምጦ ከሆነ ለማረፍም ለመነሳትም ለመንቀሳቀስም ከማኮብኮቢያውና ከመሸጋገሪያ መንገዱ እንዳትወጣ ማለት ነው። ዳምቤሉ ክቦች ላይ ጥቁር መስመር ከተጨመረ ማረፍና መነሳት ማኮብኮቢያ ላይ ብቻ፣ ሌላው እንቅስቃሴ ግን ሣሩም ላይ ይቻላል። ዛሬ ብዙዎቹ ሜዳዎች ላይ ይሄ አደባባይ የለም፤ ሬዲዮ ቦታውን ወስዶበታል። በዲሲ-3 አውሮፕላን ዘመን ግን የእኛም ፓይለቶች ሥራ በዓይን ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም የመጀመሪያ በረራውን ካደረገ በኋላ ባሉት ዓመታት አገር ውስጥ ያረፈባቸው ብዙዎቹ ሜዳዎች ሣርና ጠጠር ነበሩ።

ወደ ኩዊንሲ እንመለስ። እነዚህ ሁሉ ምልክቶች ቢነበቡ ኖሮ 14ቱ ሰዎች ይተርፉ ነበር? በዚህ ብዙ ተከራክረናል።

የእኔ አቋም እንዲህ ነው። 5925 በሜዳው ዙሪያ ዙር ሳያደርግ በቀጥታ መግባቱ ሕግ መጣስ አልነበረም፤ ቦርዱም በዚህ ጥፋተኛ አላለውም። በቀጥታ መግባት ግን አንድ ነገር ያሳጣል። መመሪያው የሚመክረው፣ ነፋሱንና የማረፊያውን አቅጣጫ ካላወቅህ፣ ከመደበኛው የዙር ከፍታ ቢያንስ 500 ጫማ ከፍ ብለህ በሜዳው አናት ላይ እንድታልፍና ምልክቱን እንድታይ ነው። በዚያ ማለፍ ውስጥ የምታየው ከረጢቱን ብቻ አይደለም። የትኛው ማኮብኮቢያ ጫፍ ላይ ማን እንደቆመ፣ ስንት እንደሆኑም ታያለህ። 04 ጫፍ ላይ አንድ ሳይሆን ሁለት አውሮፕላን እንዳለ ያየ ሰው «የመለሰልኝ የትኛው ነው?» ብሎ ለመጠየቅ ይቀርባል።

አንዱ ልጅ በዚህ አልተስማማም። «ጋሼ፣ የመንገደኛ በረራ እኮ ነው፤ ነዳጅና ሰዓት አለበት፤ እያንዳንዱ ሜዳ ላይ ክብ እየሠራ ሊያድር ነው?» አለኝ። ነጥብ አለው። ካፒቴኗ ደግሞ ዝም ብላ አልገባችም፤ ጠይቃለች። ችግሩ መልሱ ከሌላ አፍ መምጣቱ ነው። የትራፊክ ፖሊስ በሌለበት መስቀለኛ ላይ ከፊት ያለውን ባጃጅ «እለፍ?» ብለኸው ከኋላው ያለው ሾፌር «አዎ» ሲልህ እንደማለት ነው።

አሁን ወረቀቱ ላይ ኪንግ ኤሩ የነበረበት ቦታ ቁጭ በሉ እላቸዋለሁ። አፍንጫችሁ ወደ 40 ዲግሪ ነው። በ13 የሚያርፈው ከ310 ዲግሪ በኩል፣ ከሰሜን ምዕራብ ነው የሚመጣው። ለእናንተ ይሄ ግራችሁ ነው፤ ትንሽ ወደ ፊት። ዓይናችሁ የት ነው? ሁላቸውም ፊት ለፊት፣ መነሻ መስመሩ ላይ ነበር። ሊነሳ የተዘጋጀ ሰው የሚያየው የራሱን ማኮብኮቢያ ነው። የራሱን ማረፊያ መስመር፣ ከኋላው የሚመጣ እንዳለ፣ ሊያይ ይችላል። ተቋራጩን ማኮብኮቢያ ግን ይረሳዋል። ማኮብኮቢያዎቹ ጫፍ ላይ የተቀቡ ቁጥሮችና የሜዳው ካርታ እዚህ ጋ ይጠቅማሉ። ሜዳው ላይ ስንት ቁጥር እንዳለ ካወቅህ፣ ስንት የመምጫ አቅጣጫ መቃኘት እንዳለብህ ታውቃለህ። ሁለት ማኮብኮቢያ ማለት አራት ጫፍ ነው። አውሮፕላን ሊመጣብህ የሚችለው ከአራት በኩል ነው።

ቸሮኪውን በተመለከተ ልጆቹ ይጨክኑበታል፤ እኔ ብዙም አልጨክንም። መለያውን ተናግሯል። ዋሽቶ አይደለም። ለሌላ ሰው የተጠየቀን ጥያቄ መመለስ ግን ማማ በሌለው ሜዳ ላይ ዝም ከማለት የባሰ ሊሆን ይችላል። የሁለት ሰዎች ስም አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ገባ፤ ከዚያ አንዷ ቃል ብቻ ተሰማች።

ሌላው የጉዳዩ ክፍል ከምልክት ጋር አይገናኝም፤ ሳይነገር ግን አይታለፍም። የቦርዱ ምርመራ እንዳሳየው 1900ው ውስጥ የነበሩት ከግጭቱ ተርፈው ነበር። የገደላቸው ጭሱና እሳቱ ነው። በአቅራቢያ የነበሩ ሰዎች ሮጠው ደርሰዋል። ደረጃ ያለውን የፊት በር ለመክፈት ታገሉ፤ እምቢ አለ። በዚያ ዘመን በነበረው ደንብ ለእንዲህ ያለ ትንሽ የመንገደኛ አውሮፕላን የእሳት አደጋ ሠራተኛ ሜዳው ላይ ተጠባባቂ እንዲሆን ግዴታ አልነበረም። ቦርዱ ለሞቱ ብዛት አስተዋጽኦ ካደረጉት ነገሮች ውስጥ ሁለቱንም ጠቅሷል፤ የበሩን አለመከፈትና በቂ የእሳት አደጋ አገልግሎት አለመኖሩን። በ2004 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የማረፊያዎች ደንብ ሲሻሻል ከ10 እስከ 30 መቀመጫ ያላቸው መደበኛ በረራዎች የሚያርፉባቸው ሜዳዎችም በሥርዓቱ ውስጥ ገቡ።

ከውይይቱ በኋላ ልጆቹ የራሳቸውን ቅደም ተከተል ወረቀቱ ጠርዝ ላይ ጻፉ። እኔ አልነገርኳቸውም። መጀመሪያ ከረጢቱ፣ አንዴ ሳይሆን ቆም ተብሎ። ከዚያ ቲው ወይም ቴትራሄድሮኑ፣ ከከረጢቱ ጋር ይስማማል ወይ? ከዚያ ቁጥሮቹ፣ ነፋሱ ከየትኛው ጋር ስንት ዲግሪ ይርቃል? ልዩነቱ ለሁለቱም ከተቀራረበ ክብ ተደርጎበት «ሌላ ሰው አለ» ተብሎ ይጻፋል። ከዚያ ኤሎቹ፣ ከዚያ ኤክስ ካለ። ሬዲዮ ላይ የሚመጣ መልስ ማን እንደተናገረው በመለያው ካልታወቀ እንደ መልስ አይቆጠርም። ይቺን የመጨረሻዋን የጻፈችው ከላይ የጠቀስኳት ልጅ ናት፤ ሁለቴ አስምራበታለች።

ከዚያ ራሷ አንድ ጥያቄ ጨመረች። «ጭራሽ ሬዲዮ የሌለውስ?»

አሜሪካ ውስጥ ማማ በሌላቸው ብዙዎቹ ሜዳዎች ላይ ሬዲዮ ሳይዙ መብረር አይከለከልም። ስለዚህ የቆየ የሣር ሜዳ አውሮፕላን ምንም ሳይናገር መጥቶ ሊያርፍ ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው በጆሮ አይገኝም። እሱም አንቺም የምታዩት ከረጢት አንድ ነው፤ ነፋሱ ለአንድ ማኮብኮቢያ ካደላ እዚያ ትጠብቂዋለሽ። ነፋሱ መሃል ከገባ መብራትሽን አብርተሽ፣ ማኮብኮቢያ ውስጥ ከመግባትሽ በፊት አውሮፕላኑን ዘወር አድርገሽ አራቱንም ጫፍ አንድ በአንድ ታያለሽ አልኳት። አራቱን ጫፍ ወረቀቱ ላይ በጣቷ ዞረችና፣ አራተኛው ላይ ስትደርስ የመጀመሪያውን እንደገና ማየት ያስፈልጋል ወይ ብላ ጠየቀች። ያስፈልጋል።